አልፈርምም ያለችው ድንጋይ ወልዋይ

አክስቴ ሥራዋን ሲጠይቋት «ድንጋይ አጥባለሁ» ትላለች። ቀልዷ ነው። ከማዕድን ጉድጓድ የመጣውን ድንጋይ በመጋዝ ትቆርጣለች፣ ሙጫ ውስጥ ትተክለዋለች፣ ከዚያ በሚሽከረከር ሳህን ላይ ከሻካራ ዱቄት ጀምራ እስከ አልማዝ ቅባት ድረስ ትፍቀዋለች። ሲያልቅ እንደ መስታወት ጥርስ ያስቆጥራል። ጂኦሎጂስቶቹ ያን በማይክሮስኮፕ አይተው ነው ድንጋዩ ምን እንደያዘ የሚያውቁት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጥፍሯ ከድንጋዩ ጋር አብሮ ሲፋቅ ኖሯል።

አዲሱ የላቦራቶሪ ኃላፊ በመጣ በወሩ አንድ ናሙና ላይ ቢጫ ነጥብ አየ። ወርቅ ነው። ደስ ሊለው ሲገባ ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ ጉድጓድ ወርቅ ተገኝቶ አያውቅም፤ አክስቴ ደግሞ በዋዜማው የሌላ ቦታ የወርቅ ድንጋይ ስትፍቅ ውላለች።

«ሳህኑን ሳታጥቢ ነው የሠራሽው። የትናንቱ ወርቅ ነው የተለጠፈው» አላት። እናቱ የምትሆነውን ሴትዮ አንቺ እያለ! ጥፋቷን የምታምንበት ደብዳቤም አስጽፎ አቀረበላት። ከፈረመች ናሙናው ይጣላል፤ እሷም ከማሽኑ ተነስታ መጋዘን ትገባለች።

«አልፈርምም።»

እኔም እዚያው መዝገብ ቤት ስለምሠራ ቆሜ አይ ነበር። ባልደረቦቿ ሊያጽናኗት «ተይው፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሏት።

«ምን በወጣው ያድራል? ዛሬውኑ አጠራዋለሁ!»

ናሙናውን አንስታ ሻካራው ዱቄት ላይ ተጫነችው። ቢጫው ነጥብ ባንድ አፍታ ጠፋ።

«ኧረ ማስረጃሽን አጠፋሽው!» ብለው ጮኹ። ከሥሩ ሌላ ወርቅ ከሌለ አለቀላት። እኔ ፈራሁ፤ እሷ እቴ!

«የተለጠፈ ከሆነ ይኸው ሄደ» አለችው። «አሁን ሳህኑን እርስዎ ይጠቡት።»

ሰው ሁሉ እያየው እንዴት እምቢ ይበል? እጅጌውን ሰብስቦ አጠበ። እሷ እየፋቀች፣ ዱቄት በተቀየረ ቁጥር እሱ ሳህኑንም ድንጋዩንም አጠበ፤ እጇን ዘርግታም ውሃ አስፈሰሰችው። የምሳ ሰዓት አለፈ፣ ማንም አልወጣም።

በመጨረሻ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለና ብዙ ቆየ። ወርቁ አለ። እንዲያውም ከፊተኛው በልጦ፣ ላዩ ላይ የተለጠፈ ሳይሆን ዙሪያውን በሌላ ማዕድን ተከቦ ተቀምጧል።

«እንግዲህ... በደንብ ታጥቦ ከሆነ...» ብሎ ጀመረ።

አክስቴ ደብዳቤውን ገለበጠች። ጀርባው ላይ «ሳህኑን ያጠብኩት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈችና እስክሪብቶውን አቀበለችው።

«ይፈርሙ።»