ፓርቲ የገባሁበት ምክንያት

ሰውየው እዚህ አሜሪካ ለካውንቲው ምክር ቤት እንደሚወዳደር ያወቅሁት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ የምገዛበት ሱቅ በር ላይ ፎቶው ተለጥፎ ሳየው ነው። ጥርሱን አሠርቷል። ከሥሩ «ሕዝቡን የሚያዳምጥ» ይላል። ማዳመጡንስ ያዳምጥ ነበር፤ አዳምጦም ይጽፍ ነበር።

አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ስንሠራ የውይይት ክበቡ ጸሐፊ እሱ ነበር። በየሳምንቱ ስለ ላብ አደሩ ሲያደነቁሩን እኔ ዝም እላለሁ። ዝምታዬን «ወላዋይ» ብሎ መዘገበው፤ የውጭ ትምህርት ዕድሌም በዚያች ቃል ቀረ። በእኔ ቦታ ማን እንደሄደ አልጽፍም። እሱ ያውቀዋል።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ፦ በገዛ እጄ እሱን አለመምረጥ። ለተፎካካሪው ድምፄን መስጠት።

እኛ ባለንበት የሜሪላንድ ክፍል የሚያሸንፈው ፓርቲ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሌላው ለወጉ ይወዳደራል። የኖቬምበሩ ምርጫ ከድግስ በኋላ ሳህን እንደ ማጠብ ነው። ቁርጡ የሚታወቀው ቀደም ብሎ ነው፣ ፓርቲው እጩውን በሚለይበት ፕራይመሪ። የፕራይመሪው ዕለት በማለዳ ተነሥቼ፣ ለቤተ ክርስቲያን እንደምለብሰው ለብሼ ሄድኩ።

መዝጋቢዋ ስሜን አይታ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። የትምህርት ቤት ቦርድ ተወዳዳሪዎች ብቻ አሉበት። የእሱ ስም የለም፤ የተፎካካሪውም የለም። የፓርቲውን እጩ የሚመርጡት በፓርቲው የተመዘገቡ ናቸው፣ እርስዎ ደግሞ በየትኛውም አልተመዘገቡም፣ መቀየሪያው ቀንም አልፏል አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። እዚህ አገር መጥፎ ወሬ ያለ ፈገግታ አይነገርም።

ዜግነት ያገኘሁ ጊዜ የሞላሁት ቅጽ ትዝ አለኝ። ፓርቲዎን ይምረጡ የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የፓርቲ ስም ላይ ምልክት አድርጎ ለመንግሥት አያስረክብም። ባዶውን ተውኩት፤ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ማዶ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለችው እህቴ ጋ ደወልኩ።

«ታዲያ ማንን መረጥሽ?»

«የትምህርት ቤት ቦርድ።»

«ልጆችሽ ሊሸብቱ ነው እኮ፣ እቴ!» ሳቀችብኝ። «እኛ ቨርጂኒያ ስንመዘገብ ፓርቲሽ የቱ ነው የሚለን የለም። ፕራይመሪ ሲሆን ገብቼ የአንዱን ወረቀት ስጡኝ እላለሁ፣ ይሰጡኛል።»

«ባለፈው የየትኛውን ወሰድሽ?»

«ምን አገባሽ!»

ሰውየው ፕራይመሪውን አሸነፈ። ያን ሰሞን ደግሰውለት እንደነበር ሰማሁ፤ ትናንት ሲያሙት የነበሩት ሁሉ አጠገቡ ቆመው ፎቶ ተነሥተዋል።

እኔ ግን ምዝገባዬን ለመቀየር ተቀመጥኩ። የሕይወት ታሪክ ጻፊ የሚሉኝ፣ ዋስ ጥሪ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ምንም የለም። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቦታ ተጫንኩ፣ አለቀ። ስብሰባ የለ፣ መዋጮ የለ፣ ሂስና ግለ ሂስ የለ። ይኼ ፓርቲ ነው? እድር እንኳ ከዚህ የበለጠ ይጠይቃል። ስፈራው የኖርኩት ነገር እዚህ በር የሌለው ቤት ነው፤ አልቀበልሽም ማለት አይችልም፣ ውጪልኝም አይልም። እኔን ማን ነሽ ያላለ ፓርቲ እሱንም ማን ነህ አላለውም።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። ራሱ ነው። የተመዝጋቢዎቹን ዝርዝር ለእጩዎች ይሰጧቸዋል ለካ። በባሌ ስም ስለተመዘገብኩ አላወቀኝም።

«እንኳን ወደ ፓርቲያችን በደህና መጡ! እንደ እርስዎ ያሉ እናቶች ናቸው የሚያኮሩን። በኖቬምበር እንዳይረሱኝ አደራ።»

«ኖቬምበርን ተወው» አልኩት። «በሚቀጥለው ፕራይመሪ ግን አንተን ብዬ እመጣለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ!» አለኝ።

በአራት ዓመት ይበልጠኛል።