ከጸሎት በኋላ ያልተነሳው ጉልበት

ጉልበቴ የከዳኝ ስለ ጉልበት ለብዙ ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ነው። ነቀምቴ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ ሁለት አጥንት እሥልና በመሃላቸው ስስ መስመር አሰምራለሁ። "ይህች ልም አጥንት ናት። አጥንትና አጥንት እንዳይፋተጉ የተነጠፈች ፍራሽ በሏት" እላለሁ። ከዚያ ያለፈ ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ ካለ ደወሉ አድኖኛል።

ባለፈው ክረምት የባለቤቴ አጎት ከነቀምቴ ወጣ ብላ ባለችው ጉቴ አዲስ ቤት ሠርተው ለምርቃት ጠሩን። ጸሎት ሲጀመር አንዲት የቤቱ ልጅ ወንበር አቀረበችልኝ። "ሽማግሌ መሰልኩሽ?" ብዬ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከክሁ። ጸሎቱ ረዘመ። አሜን ተብሎ ሰው ሁሉ ሲነሳ እኔ ቀረሁ፤ ቀኝ ጉልበቴ ተቆልፎ አልዘረጋም አለ። ሲያፍሩ የሚያደርጉት አይታወቅምና ዓይኔን ጨፍኜ ከንፈሬን ማንቀሳቀስ ጀመርኩ።

ባለቤቴ ጎንበስ ብላ፣ "ምን ሆነሃል?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"መነሳት አቃተኝ።"

ይህን ሳይሰሙ ጸሎቱን የመሩት መጋቢ እጃቸውን አናቴ ላይ ጫኑ። "ተዉት፣ ጌታ እየሠራበት ነው" አሉ። በኦሮምኛ መዝሙር ተነሳ። የባለቤቴ አክስት አለቀሱ። ባለቤቴም በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ትንቀጠቀጥ ነበር፤ እሷ ግን እየሳቀች ነው። በመጨረሻ ሁለት ጎረምሶች በብብቴ ገብተው አነሱኝ። አጎትየው አቅፈው ሳሙኝ። "ኦቦ፣ ለቤቴ እንዲህ የጸለየልኝ ሰው የለም" አሉ። እኔም "አሜን" አልኩ።

ከዚያ ወዲያ የጉልበቴ ፍራሽ እንዳታልቅ ብዬ አልጋ ላይ ሰነበትኩ። ውኃው፣ ሬዲዮው፣ መነጽሩ፣ ሁሉም ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ባለቤቴ ሲሰለቻት ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ራጁን መብራት ላይ ሰቅላ ተመለከተች። እኔም ባለሙያ ነኝና ቀደምኳት። "ልም አጥንቷ አልቃ ነው የሚያመኝ፣ አይደል?"

"ልም አጥንት እኮ ነርቭ የላትም፤ እሷ አታምም። የሚያምዎት ከሥሯ ያለው አጥንትና በዙሪያው ያለው ነው" አለችኝ። "እሷና አጥንቱ በረቂቅ ቀዳዳዎች መልእክት ይለዋወጣሉ። እሷ ስትሳሳ አጥንቱ ይሰማና ይጠነክራል። እሱ ሲጠነክር ደግሞ እሷን ይብስ ይጎዳታል።"

"ታዲያ ባሳርፋቸው?"

"የደም ሥርም የላትም። ምግቧን የምታገኘው እርስዎ ሲንቀሳቀሱ ነው። ምን ያህል ጊዜ ተኙ?"

መልሱን ባለቤቴ ሰጠች፤ ዝርዝሩን ጨምራ።

አሁን ጠዋት ጠዋት አብረን እንራመዳለን። ዳገቱ ላይ እሷ ትቀድመኛለች። ጉልበቴ አልዳነም፤ ግን አይቆለፍም። እረፍት ሲያምረኝ ቆም እልና መንገድ ዳር ያለው የቡና ማሳ ዘንድሮ እንዴት እንዳማረበት አስረዳታለሁ። እሷም ማሳውን ሳታይ፣ "ና፣ ተራመድ" ትለኛለች።