ጋሼ ቆርቆሮ የበሱት ሰማይ

ጋሼ ቆርቆሮ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ጣሪያ ቀዳዳ ሲደፍኑ ኖረው፣ በስተርጅና የራሳቸውን ዕቃ ቤት ጣሪያ መብሳት ሲጀምሩ ጎረቤቱ ሁሉ «በቃ፣ ለየላቸው» አለ። ልጃቸውም ሳትቀር። የስፌት መኪናዋን አቁማ ወደ ግቢ ብቅ ስትል፣ አባቷ ጣሪያው ላይ ተንበርክከው ምስማር ይመታሉ።

«አባዬ! መሰላል ላይ አትወጣም አልተባባልንም?»

«አልወጣሁም፤ እየወረድኩ ነው» አሏት፣ አንድ ምስማር ጨምረው እየመቱ።

«ጋሼ ቆርቆሮ» ያላቸው ሰፈሩ ነው። እውነተኛ ስማቸውን የምታስታውሰው ልጃቸው ብቻ ናት፤ እሷም ፎርም ስትሞላላቸው ነው ትዝ የሚላት። ጎበዝ ሠራተኛ ነበሩ፤ ትሕትና ብዙም ስለማይሆንላቸው ራሳቸውም ይናገሩታል። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ሲጠሩ መጀመሪያ መሰላል አይጠይቁም። በጠራራ ፀሐይ በርና መስኮቱን ያዘጉና ወለሉ ላይ በጀርባቸው ይንጋለላሉ። ጨለማው ውስጥ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ብልጭ ይላሉ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ቆመው በየቀዳዳው ስንጥር ይሰካሉ፤ ጣሪያው ላይ ሲወጡ ስንጥር ባዩበት ሁሉ ሬንጅ ይለጥፋሉ። አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው አብራቸው ተንጋልላ ቀና ስትል «አባባ፣ ኮከብ!» አለች። ነገሩ የተጀመረው ያኔ ነው።

ኮከብን የሚያውቁት ከመጽሐፍ አይደለም። ጎረምሳ ሳሉ ሥራ ሲያመሻቸው መውረዱን እየሰነፉ እዚያው ጣሪያ ላይ ዳቧቸውን ይገምጡ ነበር፤ ኮከቦቹም ተራ በተራ እየወጡ አብረዋቸው ያመሻሉ። ስም ያወጡላቸውም ራሳቸው ናቸው። ሰው የሚያየው የሚያውቀውን ነውና ሰማዩን የዕቃ ሳጥናቸው አደረጉት። ሦስቱ ምስማሮች አሉ፣ ጭልፋው አለ፣ ከሁሉም የሚወዱት ደግሞ ከዘጠኝ ኮከብ የተሠራው ትልቁ መንጠቆ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የሰፈሩ ልጆች ዕቃ ቤቱን ይሞሉታል። በሩ ሲዘጋ በምስማር የተበሳው ሰማይ ከነመንጠቆው ይበራል። ሌላው ሰው ልጅ ሲያጠፋ በጥፊ ኮከብ ያስቆጥራል፤ ጋሼ ቆርቆሮ ግን ያለ ጥፊ ነው የሚያስቆጥሩት። ዝናብ ሲመጣ ልጃቸው ጣሪያውን ላስቲክ እያለበሰች ስታጉረመርም፣ «ዝናብ ካላፈሰሰ ምኑን ሰማይ ሆነ?» ይሏታል።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልተነፈሱም። የእውነቶቹ ኮከቦች ከጠፉባቸው ሁለት ዓመት አልፏል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። በምስማር ቀዳዳ የሚገባው የቀትር ፀሐይ ብቻ ነው፣ እሱም ብዥ ብሎ፣ የሚደርሳቸው። ለልጆቹ ብዬ ነው የበሳሁት ይላሉ፤ እውነቱን ለመናገር ግን መጀመሪያ ለራሳቸው ነው። ልጃቸው ካወቀች መሰላሉም መዶሻውም ይቆለፍባቸዋል። ልጆቹስ ቢሆኑ ኮከብ የማያይ የኮከብ አስተማሪ ምን ያደርግላቸዋል?

አንድ አመሻሽ ላይ የልጅ ልጃቸው ዓይኗ ቀልቶ መጣች። የሳይንስ መምህሯ ባለፈው ምሽት ተማሪዎቹን ሜዳ ላይ ሰብስቦ አያቷ መንጠቆ የሚሏቸውን ኮከቦች ሊያሳይ ሲል፣ «የመንጠቆው ጫፍ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው» ብላ እጇን አውጥታ ነበር። ወደ ግራ ሆኖ ተገኘ። ቀኑን ሙሉ ሲስቁባት ዋሉ።

«አባባ አይሳሳትም አልኳቸው። ና፣ ራስህ እየው!» ብላ እጃቸውን ጎተተች።

ወጡ። ቀና አሉ። ግራጫ ነው፤ ለእሳቸው ሁልጊዜም ግራጫ ነው። ጣታቸውን ወደሚያውቁት አቅጣጫ ዘረጉና፣ «ይኸው መንጠቆው! ወደ ግራ ነው እንጂ። ማን ነው ወደ ቀኝ ያለሽ?» አሉ።

«አንተ ነህ። ጣሪያህ ላይ ወደ ቀኝ ነው» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ አባባ… ደመና ነው። ምንም አይታይም።»

ከመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

ጋሼ ቆርቆሮ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ዓይን መክዳቱን ከለመዱት ቆይተዋል፤ እጄ ይከዳኛል ብለው ግን አስበው አያውቁም። ልጅቷን ለሰው መሳቂያ ያደረገው ይኸው እጃቸው ነው። «ነገ እደፍነዋለሁ» አሉና ገብተው ተኙ።

በማግስቱም ቃላቸውን አላጠፉም። ጠዋት ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብለው ሬንጅ ሲያሞቁ፣ ልጅቷ ወረቀት ይዛ እየሮጠች ደረሰች። መንጠቆውን በእናቷ መርፌ በስታበታለች። ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንስታ ዓይናቸው ሥር አስጠጋችላቸው።

«ከዚህ ወደ ግራ ነው አይደል? አሁን ልገልብጠው። አየህ፣ ወደ ቀኝ! አልተሳሳትክም እኮ አባባ! ከላይ ሆነህ ነው የበሳኸው፤ እኛ የምናየው ከታች ነው!»

ስንጥር ከታች ወደ ላይ ሲሰኩ የኖሩ ሰውዬ፣ ሬንጅ የነካውን እንጨት ጥለው ወረቀቱን ራሳቸው ገለበጡት።

ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ሰማይን ከላይ ሆኖ የሚያየው እግዜር ብቻ ነው። አባዬ፣ አንተ ማን ነኝ ብለህ ነው?» አለችና፣ ቀረብ ብላ መዶሻውን ከጎናቸው አነሳች። የፈሩት ደረሰ። እሷ ግን መዶሻውን አልቆለፈችባቸውም፤ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ያዝልኝ» አለች። «ሰኞ ደግሞ ዓይን ሐኪም ጋ ነን። ወይ ፍንክች!»

«እሺ» አሉ ጋሼ ቆርቆሮ። እንዲህ በአንድ ቃል እሺ ሲሉ ሰምታቸው አታውቅም።

ቆርቆሮውን ነቅላ፣ ገልብጣ፣ መልሳ መታችው። ከጨረሰች በኋላ በሩን ዘጉና አያትና የልጅ ልጅ ወለሉ ላይ ተንጋለሉ። ልጅቷ መንጠቆውን ጮክ ብላ ስትቆጥር ዘጠኝ ላይ አልቆመችም።

«አሥር!»

«አሥረኛዋ ከየት መጣች?» አሉ ወደ ጣሪያው።

«ምስማሩ አመለጠኝ አባዬ!» አለች ልጃቸው ከላይ። «ልድፈናት?»

ዕድሜ ልካቸውን ቀዳዳ አይተው አልፈው አያውቁም። «ተያት» አሉ።

ሲመሽ ግቢ ወጥተው ከልጅቷ ጎን ቆሙ። ጣታቸውን አልዘረጉም።

«ደመና አለ?» ብለው ጠየቁ።

«የለም አባባ። ጥርት ብሏል።»

ጣታቸውን በትንሽ እጇ ይዛ ወደ ላይ አነሳችና ዘጠኙንም በየተራ አሳየቻቸው። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ሳትመራው ራሱ ወደ ግራ ዞረ።

«አሥረኛዋስ?» አሉ።

«እሷማ እኛ ቤት ናት» አለች።