ማንም ሳይይዝዎ ደረጃ ሲወርዱ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ባገለገልኩበት ዘመን አንድ ቃል ጎድሎታል ተብሎ የተመለሰብኝ ረቂቅ አላስታውስም። በካናዳዋ ካልጋሪ ግን አንዲት መጠይቅ ፈተነችኝ።

ጊዜው ከተማዋ በነዳጅ ዘይት ገንዘብ የሰከረችበት ነበር። መዶሻ መያዝ የሚችል ሁሉ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዘይቱ ሄዷል። እኔና ባለቤቴ ፔንብሩክ ሜዶውስ በሚባል ሰፈር ቤዝመንት፣ ከቤቱ ሥር ያለውን ምድር ቤት፣ ተከራይተን እንኖር ነበር። ወደ ቤታችን የሚያስወርደው ደረጃ ከውጭ ነው፤ በረዶ ይጋገርበታል፤ መደገፊያ የለውም። ባለቤቴ በክረምቱ መግቢያ ላይ ወድቃ ዳሌዋ በልዞ ከርሟል። አከራያችን መደገፊያ እንዲያስገጥም ብጠይቀው፣ «አናጢ ካገኙ ለእኔም ይላኩልኝ» ብሎ ሳቀ።

በአቅራቢያችን ያለ አንድ ክሊኒክ አዛውንቶችን ከመውደቅ የሚጠብቅ አገልግሎት ነበረው። እወድቃለሁ ብሎ ለሚሰጋ ሰው የራሱን አናጢ ልኮ መደገፊያ ያስገጥማል። የሚሰጋው የሚለየው በመጠይቅ ነው፦ «ደረጃ ሲወርዱ ሚዛንዎን እንደማይስቱ ምን ያህል ይተማመናሉ?» መልሱ ከዜሮ እስከ መቶ ነው፤ ዝቅተኛ ቁጥር የሰጠ አናጢ ይላክለታል። ለእኛ አገር ሰዎች እንዲሆን ወደ አማርኛ የመመለሱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። እያንዳንዱን ቃል መዝኜ መለስኩት።

ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሞከርኩት። የመጀመሪያው ከዘራቸውን ተደግፈው የሚሄዱ ጡረተኛ መምህር ነበሩ።

«መቶ!» አሉ።

«ጋሼ፣ ይኸን ከዘራ ይዘው መቶ?»

«አንተን ምን አገባህ? ጻፍ! ተማሪ ቤት ያልደፈንኩትን አሁን ልድፈነው እንጂ።»

አጠገባቸው የተቀመጡት እናት ደግሞ፣ «እወድቃለሁ በይ ነው የምትለኝ? ምነው፣ ሟርተኛ ሆንክ?» ብለው ተቆጡኝ። እሳቸውም መቶ።

ቁጥሩ የሰዎቹን እግር እንደማይለካ ለክሊኒኩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አስረዳሁ። እርሷ ግን ከእንግሊዝኛው የተለየ ቃል ከተጨመረ መልሱን ከሌሎች ጋር ማነጻጸር እንደማይቻል ነገረችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ደንብ ያስከበርኩ ሰው ስለሆንኩ አባባሏ ገባኝ፤ ያበሸቀኝም መግባቱ ነው።

ከዚያ የባለቤቴ ተራ ደረሰ። አስተርጓሚው እኔ ነኝ፤ አንድ ቃል እንዳልጨምር፣ በዓይኔም እንዳልጠቅስ ቃል ገብቻለሁ። ወረቀቱ በአንቱታ ስለተጻፈ ባለቤቴን አንቱ አልኳት። ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ደረጃ ሲወርዱስ?»

«መቶ።»

«በረዶ ላይ ሲራመዱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ መቶ።»

ባለሙያዋ አማርኛ አታውቅም። ሠላሳ ብዬ ብተረጉም የሚያርመኝ አልነበረም። መቶ አልኩ፤ መደገፊያችን ሲርቅ እያየሁ።

ገና ከበሩ እንደወጣን ባለቤቴ ክንዴን ጨመደደች።

«መቶ ያልሽው ሴትዮ፣ ምን ትይዢኛለሽ?»

«ታዲያ ምን ልበላት ኖሯል? እወድቃለሁ ብል፣ ባል እያላት የሚይዛት የለም አትልም? አንተ ከፊቴ እየወረድክ፣ እኔ ትከሻህን ይዤ መቼ ወደቅሁ?»

«ያን ቀን የወደቅሽውስ?»

«ያን ቀን አንተ የለህማ!»

በረዶው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ወረቀቱ «ብቻዎን» የሚል ቃል የለውም። ያዘጋጀው ሰው መጻፍ አላስፈለገውም፤ በእሱ ዘንድ ሰው ደረጃ የሚወርደው ብቻውን ነው። በእኛ ዘንድ ግን አዛውንት ደረጃ አፍ ላይ ሲደርስ አንድ ሰው እጁን ሳይሰጥ አይቀርም። ሰዎቼ አልዋሹም፤ የሚይዛቸውን ሰው አብረው ቆጥረው ነው የመለሱት።

በማግስቱ ክሊኒኩ ሄጄ ሁለት ቃላት እንዲጨመሩ ጠየቅሁ፦ «ማንም ሳይይዝዎ»። ጥያቄዬ በጽሑፍ ይቅረብ ተባለ፤ አቀረብኩ። ኮሚቴ ይየው ተባለ። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ በዚያው ክረምት በረዶው ቀልጦ እንደገና ጣለ። በመጨረሻ ቃላቱ ጸደቁ። ደስ ብሎኝ፣ «እንግዲያው ባለቤቴ እንደገና ትጠየቅ» አልኩ።

«የእርሷ መልስ ተመዝግቧል» አለች ባለሙያዋ። «እንደገና የምትጠየቀው በሚቀጥለው ክረምት ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፤ አዝናለሁ።» ማዘኗ ከፊቷ ይታይ ነበር፤ ደረጃችን ላይ ግን ምንም አልጨመረም።

መምህሩ በሙከራው የሰጡት መልስ ስላልተመዘገበ በአዲሱ ወረቀት ተጠየቁ። ጥቂት አሰቡ።

«ማንም ሳይይዘኝ? ልጄም?»

«ልጅዎም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ሠላሳ በል። ወይ ጉድ፣ በስተርጅና ከፈተና ወደቅሁ!»

በሳምንቱ አናጢ መጣላቸው። በእኔ ሁለት ቃላት የተገጠመውን መደገፊያ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ጠንካራ ነው።

እኛ ደረጃውን እንደ ድሮው እንወርዳለን። እኔ ከፊት እሆናለሁ፤ እጇ ትከሻዬ ላይ ነው። «ቀስ በል እንጂ፣ ትጥለኛለህ» ትለኛለች። ስለ እኔ እግር እስካሁን የጠየቀ የለም።