የእትዬ ሽቦ ቁልፍ

እትዬ ሽቦ ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ቦርሳዋ ቢራገፍ ከማበጠሪያ ይልቅ ቁርጥራጭ ሽቦ ስለሚወጣው። በመብራት መሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት መሐንዲስ ናት። ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ ከሌለበት የምትለይ የኪስ አምፖል ሠርታለች፤ ዝናብ ሲገባበት የሚጮህ የቆጣሪ ሳጥንም እንዲሁ፤ እሱ እንኳ ሰፈሩን እንቅልፍ ስለነሳ ተነቅሏል። ስሟን ያስጠራው ግን የቁልፍ ሳጥኑ ነው።

ታላቅ ወንድሟ የመስመር ሠራተኛ ነበር። ምሰሶ ላይ ሳለ፣ ታች የነበረው ተረኛ ሥራው ያለቀ መስሎት የማብሪያውን መያዣ ወደ ላይ አንስቶ መብራቱን ለቀቀበት። እሷ ለቅሶ ላይ ተቀምጣ እንኳ ሐሳቧ እዚያ መያዣ ላይ ነበር። በኋላ የሠራችው ሳጥን ነገሩ ቀላል ነው፦ ምሰሶ የሚወጣ ሰው መብራቱን ያጠፋና የራሱን ቁልፍ ከሳጥኑ ነቅሎ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ቁልፉ ወደ ቀዳዳው ካልተመለሰ መያዣው ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ወዲህ ማንም አልሞተም። እንደ ወንድሟ ምሰሶ የሚወጣውን የወንድሟን ጓደኛ ስታገባም በሳጥኑ ተማምና ነው።

ጡረታ የወጣች ዕለት፣ ሰው ሁሉ ሊሸኛት መስኮት በሌለው የመቆጣጠሪያ ክፍል ተሰበሰበ። ክፍሉን የሚያበራው መስመር ጠዋት ተበላሽቶ ባሏ ሊጠግነው ወጥቷል፤ ስለዚህ ድግሱ በባትሪ ብርሃን ነበር። ብረት የሚቀርጹት የቶርኖ ቤቱ ሽማግሌ ወርቅ የተቀባ ቁልፍ በሪባን አንገቷ ላይ አጠለቁላት። የባሏ ቁልፍ ቅጂ ነው አሏት። ደስ ብሏት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

የዕለቱ ተረኛ ደግሞ ጨዋታ አማረው። «እትዬ፣ በጨለማማ አንሸኝዎትም» ብሎ ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀና በባሏ ቀዳዳ ሰካው። እሷም ሳቀች፤ የጌጥ ቁልፍ የት ያደርሰዋል ብላ። ተረኛው ሲገፋው ግን መያዣው ወደ ላይ መነሳት ጀመረ። ክው አለች። ዘላ በሁለት እጇ ያዘችውና ቁልቁል ተጫነችው።

ተረኛው «ያለቀ መስሎኝ ነው» አለ። ወንድሟን የገደለውም ያለው ይህንኑ ነበር።

ሽማግሌው ጉድ እንደፈላ ገብቷቸው ተናዘዙ። የመስመር ሠራተኞቹ ቁልፉን አንገታቸው ላይ ረስተው ምሳ ይሄዳሉ፣ ሰፈሩ ይጨልማል፣ ስልኩ ይጮሃል። በዚህ የተነሳ ለሁሉም ቁልፍ ቅጂ ተሠርቶ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ከመቼ ጀምሮ ብትላቸው፣ ሳጥኑ በተተከለ በዓመቱ አሉ። እትዬ ሽቦ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ዕድሜ ልኳን የኮራችበት ሳጥን ለካ ለይስሙላ ነበር።

ባሏ ላቡን እየጠረገ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገባ። የሆነውን ስትነግረው አልደነገጠም። እሷን የባሰ ያስደነገጣት ይህ ነው።

«ታውቅ ነበር?»

«ሁላችንም እናውቃለን። በወንድምሽ ሐዘን የሠራሽውን ነገር ማን ደፍሮ አይረባም ይበልሽ?» አላት። ደግሞም እሱና ጓደኞቹ ሽቦውን መጀመሪያ ከመሬት ጋር ሳያያይዙ በእጃቸው እንደማይነኩ ነገራት፤ መብራቱ በስህተት ቢለቀቅ እንኳ ወደ መሬት ይወርዳል እንጂ ሰው አያገኝም።

እትዬ ሽቦ ትንፋሿ መለስ አለ። ከዚያ ዓይኗ ከሥራ ልብሱ ሥር ብቅ ያለው አዲስ ሸሚዝ ላይ አረፈ።

«ዛሬስ አያይዘኸው ነበር?»

ባሏ ወለሉን አየ። «ዛሬ ሽኝትሽ እንዳያመልጠኝ ቸኮልኩ» አለ።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። መሳቢያውን እንዲያመጡላት ጠይቃ ቁልፎቹን ጭኗ ላይ ገለበጠቻቸው፤ ወርቅ የተቀባውንም ጨመረችበት።

«ሽኝቱ ይቆይ» አለች። «የብረት መጋዝ አምጡልኝ።»