ልጄን «እርስዎ» ያሏት ነርስ

የአእምሮ ጤና ነርሷ ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም፣ ያቺ ጠባብ ክፍላቸው ዛሬም ትናፍቀኛለች። ለእርዳታ የመጣውን ወጣት ሁሉ፣ ራሱ እስኪከለክላቸው ድረስ «እርስዎ» ይሉት ነበር።

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ ለሁለት ወር ትንፍሽ ሳትል ብትቆይ እያመነታሁ ወሰድኋት፤ ሰው ስለማላምንም ከአጠገቧ አልተነሣሁም።

ነርሷም ረጋ ብለው፣ «እርስዎ መናገር ካልፈለጉ አብረን ዝም እንላለን» አሏት። በልጄ የተሳለቁ መስሎኝ ደሜ ፈላ።

ልጄ ግን ቀና ብላ፣ «አላረጀሁም እኮ!» አለች።

«ታዲያ ምን ልበል፣ እመቤቴ?»

«አንቺ ይበሉኝ። አባዬ ደግሞ ውጭ ይጠብቀኝ።»

በሩን በገዛ እጄ ዘግቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ያን የጠፋ ድምጿን ሰማሁ እንጂ፣ የምትለውን ለመለየት ጆሮዬን አላስጠጋሁም።