የተኳሿ እጅ በመምህሩ ደብተር

እህቴ ልብስ ተኳሽ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ላውንደሪ፣ ከአንድ ጠረጴዛ ኋላ ቆማ፣ ሦስት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ካውያ ስትገፋ ኖራለች። ኪሎውን የነገረኝ መምህሩ ነው። እሱ ያልመዘነው ነገር የለም።

መምህሩ ሥነ ጽሑፍ ያስተምራል። ልብ ወለድ ልጽፍ ነው ብሎ አሠሪዋን አስፈቀደና ሦስት ወር ሙሉ፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ በእረፍት ቀኑ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ፣ የላውንደሪው ጥግ ላይ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። የክፍሉን ሙቀት በቴርሞሜትር ይለካል። ሸሚዝ ይቆጥራል። አጣቢዎቹ ሲሰዳደቡ ስድቡን አንድም ሳያስቀር ይጽፋል።

"ሰውዬው ጤነኛ ነው?" ብዬ እህቴን ጠየቅኋት።

"ጤነኛስ ጤነኛ ነው፤ ዓይንና ጆሮ ብቻ ሆኖ ነው እንጂ" አለችኝ።

እሷም ብትሆን ነገር ሳታጣራ የማታልፍ ሰው ናት። አንገቷን ደፍታ እየተኮሰች በጥያቄ ታጣድፈዋለች።

"መምህር፣ ሌላው ደራሲ ስለ ፍቅር ይጽፋል። እርስዎ ምን ነክቶዎት ነው የሰው ላብ የሚለኩት?"

"የምከተለው ስልት ናቹራሊዝም ይባላል፣ እትዬ። ደራሲው እንደ ሐኪም ነው፤ አያሞግስም፣ አይፈርድም፣ አያለቅስም። የሚያየውን ብቻ ይመዘግባል። ሰውን የሚሠሩት ደሙና በዙሪያው ያለው ነገር ናቸው። ከማን ተወለደ? የት አደገ? ምን ሠርቶ ያድራል? ይህን ካወቅኩ መጨረሻውን አውቃለሁ።"

"ሰውዬው ራሱስ? ምንም አይልም?"

"ይላል። ግን የመረጠ ይመስለዋል እንጂ ብዙም አይመርጥም።"

"ወይ ጉድ!" ብላ ሳቀች። ቤት መጥታ ስትተርክልኝ ዓይኗ ይበራ ነበር። እኔን ግን ነገሩ አልጣመኝም።

ምክንያት አለኝ። አባታችን ጠጪ ነበር፤ አያታችንም እንደዚያው። እህቴ በአሥራ አራት ዓመቷ አባታችንን ከመጠጥ ቤት በክንዱ ደግፋ የምታመጣ ልጅ ነበረች። ያኔ የማለችውን እስከ ዛሬ ጠብቃ ጠብታ አልቀመሰችም። ይህንን ሁሉ ለመምህሩ ዘክዝካለታለች። እሷ ምን ትደብቃለች፣ የዋህ!

ከዚያ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ነጭ ሸሚዝ አንገትጌው ላይ ተቃጠለ። በሳምንቱ ሌላ ደገመች። አሠሪዋ አባታችንን በደንብ የምታውቅ ሴትዮ ናት፤ ሠራተኛው ሁሉ ፊት ጠራቻትና "የአባትሽን ጀመርሽ አይደል? እስከ ሰኞ ነው። ከዚያ ወዲያ ካውያዬን አትነኪም" አለቻት። ብትምል ብትገዘት ማን ይስማት! ከዚህ ሥራ ሌላ የምታውቀው የለም። ይበልጥ ያንገበገባት ግን ስሟ ነበር።

እኔ ታይፒስት ነኝ፤ የመምህሩን ረቂቅ የምተይበውም እኔ ነበርኩ። ስተይብ አላነብም። ጣቴ ይሠራል፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ይዞራል። ያን ሳምንት ግን አነበብኩ። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ተኳሿ የአባቷ ደም ጎትቷት መጠጥ ትጀምራለች፤ እጇ እየተንቀጠቀጠ ትባረራለች፤ ትሞታለች። እኔ ደግሞ ነገር የሚያስችለኝ ሰው አይደለሁም። ቁጥሮቹን እንዳመሳክርለት የሰጠኝን የማስታወሻ ደብተር በንዴት ገለጥኩት።

"ጠዋት፦ እጇ የረጋ ነው" ይላል። "ከሠላሳ ሸሚዝ በኋላ አውራ ጣቷ ይርገበገባል። ከስድሳ በኋላ መላ እጇ።" ዝቅ ብሎ፦ "የእረፍቷ ማግስት እስከ ምሳ ድረስ ምንም የለም።" ዳር ላይ ደግሞ "የአባት ውርስ?" ብሎ ጽፏል። ገጽ በገለጥኩ ቁጥር ያው ነው።

ከወንበሬ ተነሣሁ። የጠጪ ልጅ ይህን ሳታውቅ ትቀራለች እንዴ? የአባታችን እጅ የሚንቀጠቀጠው ጠዋት ነበር፤ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እንኳ ይደፋዋል። ከጠጣ በኋላ ይረጋል። የእህቴ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የሚያንቀጠቅጣት ካውያው ነው! ደብተሩን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወደ ላውንደሪው በረርኩ።

መምህሩ ራሱ የጻፈውን መልሶ አነበበና መነጽሩን አወለቀ። "እንዴት አላየሁትም?" አለ፣ ከልቡ ገርሞት።

"መጨረሻውን አስቀድመው ስላወቁት ነዋ! በሉ አሁን ለአሠሪዋ ይንገሯት።"

"እኔ ታዛቢ ነኝ" አለ ቀስ ብሎ። "በማየው ነገር ውስጥ እጄን ካስገባሁ ሥራዬ ይበላሻል።"

ልጮህበት አፌን ስከፍት እህቴ ካውያዋን አቆመች። አልተቆጣችም፤ እንደ ወትሮዋ የምትጠይቀው ነገር ነበራት።

"መምህር፣ ሰውን የሚሠራው ደሙና በዙሪያው ያለው ነገር ነው ብለውኝ የለም?"

"አዎ።"

"ይኸው ሦስት ወር እዚህ ተቀምጠዋል። ታዲያ እርስዎ በዙሪያዬ ካለው ነገር አይቆጠሩም?"

መምህሩ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ደብተሩን ይዞ ወደ አሠሪዋ ክፍል ገባ፤ ግማሽ ሰዓት ቆየ።

አሠሪዋ በሰው ወሬ የምታምን ሴት አይደለችም። በማግስቱ በር ሲከፈት መጣች፤ የእህቴን እጅ አገላብጣ አየችና አጠገቧ ተቀመጠች። እስከ ስድሳኛው ሸሚዝ ድረስ አልተነሣችም። ስትነሣ "ከነገ ጀምሮ ሠላሳ ሸሚዝ ሲሞላልሽ ወደ ማጠፊያው ትሄጃለሽ፣ ሌላ ሰው ይቀበልሻል" አለቻት። ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከአፏ አልወጣም።

መምህሩ ደስ ብሎት እህቴ ጠረጴዛ አጠገብ መጣ። "መጨረሻውን እለውጠዋለሁ። ተኳሿ አትሞትም" አላት።

"ለምን? ይህ ሥራ የሚገድል ከሆነ ትሙት፤ ያዩትን ይጻፉ" አለችው። "አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። በአባቴ አያሳብቡ። አባቴ ብዙ አጥፍቷል፤ ይህን ግን እሱ አላጠፋም።"

አባታችን ከሞተ ጀምሮ ለእሱ ስትከራከርለት የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ምን እዋሻለሁ፣ እዚያው አጣቢዎቹ ፊት ቆሜ አለቀስኩ።